የሠረገላው እግር ማሞቂያ

አቶ ለገሰ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በአሮጌ ዕቃ ገበያው ግቢ በቆመችው ቫናቸው ውስጥ፣ እግራቸውን ትንሽ ሣጥን ላይ እንደጫኑ ሞተው ተገኙ። ወሩ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2014 ጥር ነበር፤ አትላንታ በማታውቀው ብርድ የተቆራመደችበት። የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ አማርኛ የምትችለውን መርማሪ አያንቱ ቶሎሳን ላከ።

አያንቱ ከንፈራቸውንና የጥፍራቸውን ሥር አየች። እንደ እንጆሪ ቀልቷል። ሞተር ወይም ከሰል የሚተፋው፣ ሽታ የሌለው መርዝ የሚተወው ቀለም ነው።

«ሞተሩ በርቶ ነበር?»

«ይቺ ቫን እኮ ባትሪ የላትም» አለች ልጃቸው ሉሊት፣ የምትሠራበትን የአረጋውያን መጦሪያ ዩኒፎርም እንደለበሰች። «ዕቃ ማስቀመጫ ናት። አባባ ገበያው እስኪከፈት እዚህ ቁጭ ይላሉ።»

ሞተሩ ካልሆነ ሣጥኗ ናት። አያንቱ ተንበረከከች። ጥንት የፈረንሳይ ሠረገላ ተሳፋሪዎች እግራቸውን ያሞቁባት የነበረች የናስ ዕቃ ናት፤ ላይዋ ምንጣፍ ለብሷል፣ ጎኗ ላይ ጠባብ መሳቢያ አላት። መሳቢያው ውስጥ ቀይ ጡብ ተቀምጧል።

«ስኳሩ እግራቸውን ካደነዘዘው ወዲህ አትለያቸውም ነበር» አለ ታደገ። የእህታቸው ልጅ ነው፤ አብሯቸው አሮጌ ዕቃ ያድሳል። አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው። «ዛሬም እንደወትሮው ጡቡን ኦቭን ውስጥ አንድ ሰዓት አግዬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ አመጣሁላቸው። ከሰል የሚባል ነገር ነክተን አናውቅም።»

አያንቱ ጡቡን አውጥታ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አኖረችው። ስታነሳው ወረቀቱ ላይ ረጠብ ያለ አሻራ ቀረ።

በገበያው ጎረቤታቸው የሆኑት ነጋዴ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ አቶ ዘገዬ፣ እያለቀሱ ነበር።

«ጠዋት አይተዋቸዋል?»

«አይቻለሁ፣ ልጄ። ታደገ ብርድ እንዳይገባባቸው ብሎ መስኮቱን እስከ ጫፉ ሲዘጋላቸው ነበር። ምን ያለ አሳቢ ልጅ ነው፣ አልኩ።»

«አቶ ለገሰስ መስኮት ይዘጉ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! ትንፋሽ ያጥረኛል ይል ነበር፤ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ያህል ይከፍታል።»

የሟቹ ቦርሳ ውስጥ፣ ከመንጃ ፈቃዱ ጀርባ፣ የደበዘዘ ፎቶ ነበረ፤ የአፈር ጉብታ። ጀርባው ላይ በአቶ ለገሰ የእጅ ጽሑፍ «ታደገ እዚህ ዐረፈ። ገዳሪፍ፣ ሱዳን፣ 1993 ዓ.ም.» ይላል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የደም ምርመራው ውጤት እንደደረሰ፣ አያንቱ ከአትላንታ ዳር ክላርክስተን ወዳለው የለቅሶ ቤት ሄደች። ቤተኛው ብቻ እንዲቀር ጠየቀች። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«አቶ ለገሰ የሞቱት በከሰል ጋዝ ነው» አለች። «ሣጥኗ የተሠራችው ጭስ ለሌለው ከሰል ነው፤ እግሩን የጫነባት ሰው ከሥሩ ምን እንዳለ አያውቅም። መሳቢያው ጥግ ላይ ነጭ አመድ አግኝቻለሁ። አመዱ ላይ የተቀመጠው ጡብ ግን እርጥብ ነበር። አንድ ሰዓት ኦቭን ውስጥ የቆየ ጡብ እንደ አጥንት ይደርቃል። ያ ጡብ ሌሊቱን ዝናብ ላይ ያደረ ነው፤ ከሰሉ ሥራውን ሲጨርስ ተነሥቶ በቦታው የተተካ። ጡብ አግያለሁ ያለው አንድ ሰው ነው። መስኮቱን የዘጋውም እሱ ነው። ቀድሞ የደረሰውም።»

ሁሉም ወደ ታደገ ዞሩ።

«ምን ሊጠቅመኝ?» አለ ታደገ።

አያንቱ ፎቶውን ጀርባውን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሉሊት አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። እሷ አዲስ አበባ ያደገች ናት፤ የአክስቷን ልጅ አትላንታ ከመምጣቷ በፊት አይታው አታውቅም።

«የጉዞ ፋይሉን አይቻለሁ፤ እውነተኛው ታደገ ወደ አሜሪካ መሄጃ ወረቀቱ ከተሟላለት በኋላ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሞተ» አለች አያንቱ። «አንተ በስሙ መጣህ። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ታደገ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «በዚህ ስም አግብቻለሁ፤ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ። ሊያጋልጡኝ ነበር! ዓርብ ዕለት ከአቶ ዘገዬ ጋር ሲያወሩ በጆሮዬ ሰማሁ። ‹የእናቱን ነገር እሁድ በሰው ፊት እንንገረው፤ ከዚህ በላይ መደበቅ ኃጢአት ነው› አሉ።»

አቶ ዘገዬ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«መርዶ ነበር እኮ፣ አንተ ልጅ። እናትህ ሞታ ልናረዳህ ነበር። የለገሰ ጻድቅ እህት… ያለፈው ሳምንት ሰኞ ዐረፈች። ለገሰ ድንኳን ይተከል ብሎ ለመነኝ። ‹ልጇ ነው፤ እንደ ልጅ ያልቅስላት፣ እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ› አለኝ። እሱ ሲሞት፣ ሁለት ሐዘን ባንድ ጊዜ አይቻልም ብለን መርዶውን ደበቅንህ።»

ታደገ ከሶፋው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

አያንቱ ደብተሯን አወጣች። ለክሱ ወረቀት ስም ያስፈልጋታል።

«ማን ልበልህ?»

«ምኞት» አለ፤ የሌላ ሰው ስም የሚጠራ ይመስል።

ሉሊት አሥራ አንድ ዓመት ወንድሜ ስትለው የኖረችውን ሰው አየችው። አላለቀሰችም። «አባባ ስምህን ያውቁ ነበር?» አለችው።

«ሲቸግረኝ፣ ሰው ሳይኖር፣ በሱ ይጠሩኝ ነበር» አለ። «እሳቸው ብቻ ነበሩ የሚጠሩኝ።»