ጸሎት ያቃጠለችው ቅጠል

ጸሎት ለንግሥ በዓል የቤተ ክርስቲያኑን ደን ስትጠርግ አንዲት ቅጠል እንድትተርፍ አትፈልግም። የመሪጌታ ህሩይ ልጅ ናትና፣ ታቦት በሚያልፍበት ግቢ ቆሻሻ ታየ ከሚባል ሞቷን ትመርጣለች። በዚያ ዓመትም ከዛፎቹ ሥር ያለውን ሁሉ አፍሳ ስታቃጥል፣ ቅጠል የተሞሉ ትንንሽ የመረብ ከረጢቶች አገኘች። የልጆች ጨዋታ መስሏት እነሱንም እሳቱ ላይ ጨመረቻቸው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ከወይራው ሥር ተንበርክኮ አፈር ሲዳብስ አየችው።

«ምነው ወንድሜ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ከስድሳ ከረጢት ቅጠል የቀሩኝ ሃያዎቹ፣» አለ ቀና ብሎ። «የስምንት ወር ልፋቴ ነበር።»

ዕንባቆም ይባላል። የአይከል ልጅ ነው፤ ማራኪ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለ ደን ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። ደኑ ውስጥ እንዲሠራ የፈቀዱለት አባቷ ነበሩ፤ ለልጃቸው መንገር ግን ረስተዋል። ጸሎት ልትናዘዝ አፏን ከፈተች፤ እንባ ያቀረሩ ዓይኖቹን ስታይ መልሳ ዘጋችው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ!

ዕንባቆም ትምህርቱን በአንድ ዓመት አራዝሞ ሥራውን ከዜሮ ጀመረ። እሷም ከጸጸቷ ብዛት ቅጠል ትለቅምለት ጀመር። ቅጠሉን በከረጢት አድርገው ከዛፎቹ ሥር አኖሩ፤ በየወሩ በመጀመሪያው ቅዳሜም አምስት አምስት ከረጢት እያወጡ ይመዝናሉ።

«ይኸው፣ ቀለለ፣» አላት አንድ ቀን።

«ማን በላው?»

«ዓይንሽ የማያያቸው። ዛፉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል። ጦጣዋ ከዛፉ ትበላለች፣ ንሥሩ ጦጣዋን። ከረገፈው ቅጠል ደግሞ ፈንገሱና ትሉ ጉልበት ያገኛሉ፤ እነሱ ያበሰበሱትም ለዛፉ ሥር ይተርፋል።»

«እኔ ቆሻሻ ብዬ የምጠርገው . . .»

«ለእነሱ ማዕድ ነው። ማዕዱን ያነሣባቸው ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም፣» ብሎ ሳቀ። ጸሎት አልሳቀችም።

እያደር አምስት ከረጢት መመዘን ሙሉ ቀን ይፈጅባቸው ጀመር። ይህን ያህል ምን ይመዝናሉ ብሎ የጠየቀ የለም፤ መሪጌታም እያዩ ያልፋሉ።

«ለአባትሽ ሽማግሌ ልልክ ነው፣» አላት በሰባተኛው ወር። «ትፈቅጃለሽ?»

ስንት ሌሊት የተመኘችው ቃል ነበር።

«መጀመሪያ ስማኝ። ከረጢቶችህን ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ።»

«ዐውቀሽ?»

«ሳላውቅ። የደበቅሁህ ግን ዐውቄ ነው።»

ዕንባቆም ሚዛኑን በቦርሳው ከትቶ ወደ አዘዞ የሚሄደውን ሚኒባስ ለመያዝ ወረደ።

ወር ሙሉ ስልክ አልደወለም። ጸሎት አለቀሰች፣ ተስፋም ቆረጠች። ቅዳሜው ሲደርስ ግን እሱም መጣ። በዓይኑ ብቻ ሰላም ብሏት የመጀመሪያውን ከረጢት መዘነ፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣

«ሌላ የደበቅሽኝ ነገር አለ?» አላት።

«አለ።»

እጁ ባለበት ቀረ።

«እወድሃለሁ። ተንበርክከህ ካየሁህ ቀን ጀምሮ። ይህንንም ፈርቼ ነው ያልነገርኩህ።»

ዕንባቆም ሦስተኛውን ከረጢት መዝኖ አወረደ። «ወሩን ሙሉ ልቀየምሽ አስቤ ነበር፤ ሁለት ሳምንት አልሞላልኝም።»

«ታዲያ ምነው ሳትደውል?»

«የምመጣበትን ቀን ታውቂዋለሽ ብዬ። ሽማግሎቹ እሑድ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ለአባትሽ አንቺው ንገሪያቸው።»

«ማቃጠሌን ነው መውደዴን?»

«ሁለቱንም፣» አላት፣ አራተኛውን ከረጢት እያቀበላት።