አንቱ የተባሉት

ባለባርኔጣው ጋዜጣውን አጥፎ ብብቱ ሥር ወሸቀው።

ምልክቱ ነው።

ሚስማር ከሎተሪ ሻጩ ጀርባ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። መናኸሪያው በቀትር ፀሐይ ይንጫጫል። ረዳቶቹ የከተማ ስም እየጠሩ ይጮኻሉ፣ የአውቶቡስ ጭስ ዓይን ያቃጥላል። በዚያ ሁሉ ግፊያ መሐል ክራንች የያዘ አሥር አለቃ እያነከሰ መጣ። በጆንያ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ታቅፏል። ለሚያየው ሰው ጃንጥላ ይመስላል።

ጃንጥላ አይደለም። እግር ነው። ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀጭ ብሎ የተሰበረ የፕላስቲክ እግር።

አሥር አለቃው ባለባርኔጣው አጠገብ ተቀመጠ። ጆንያው ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ተሻገረ። ማንም አላየም። ሚስማር ግን አየ፤ ለዚያ ነው ደመወዝ የሚበላው።

«እሳቸው ደኅና ናቸው?» አለ ባለባርኔጣው።

«ደኅና ናቸው። ያንተንም ነገር አንስቼባቸው ነበር» አለ አሥር አለቃው እየሳቀ። «እኔን አንቱ ይሉኛል፣ እሱንስ መቼ ነው የሚሉት ብዬ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ሁለት እግሩ አለ አይደል! ምን አጥቶ ነው አንቱ የምለው?›»

ሁለቱም ሳቁ።

የሚስማር እጅ ክሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

ይቺን ቀልድ ሰምቷታል። በዚሁ ቃል። ያውም በራሱ ላይ።

የስለላ መሥሪያ ቤቱ ምሥጢር ያወጣል ብሎ ለወራት ሲያሳድደው የከረመው ሰው የምሥጢር ስሙ «አንቱ» ነው። በስልክ ጠለፋ የተገኘው ሁሉ «እሳቸው ልከዋል»፣ «እሳቸው ይሁን ብለዋል» ነው። ስም የለ፣ ማዕረግ የለ። ወንድ ይሁኑ ሴት እንኳ ከቃሉ አይለይም። ዲግሪ የደረደሩት አለቆች ተሰብስበው መከሩና «ወታደር አንቱ የሚለው ጄኔራል ነው፤ ቢያንስ ቢያንስ ሚኒስትር» ብለው ወሰኑ። ሴት ትሆናለች ያለ አልነበረም። ድኻ ትሆናለች ያለማ ጭራሽ። ከበታቻቸው ያለውን ሰው አንድ ቀን እንኳ አንቱ ብለው የማያውቁ ሰዎች ይሄንን ከየት ያምጡት?

የተሰበሩ እግሮች ከዚያ በድብቅ ይወጣሉና፣ ትልቁ ሰው ብቅ ሲል እንዲያይ ሚስማርን አናጢ ነው ብለው የጦር ጉዳተኞች እግር መሥሪያ ውስጥ ተከሉት። «ሚስማር» ያሉትም እነሱ ናቸው። «ሚስማር ካልመቱት አይገባም፤ ይሄም ካልመቱት አይገባውም» ተብሎ ተሳቀበት። እሱም አብሮ ሳቀ። ያስተማራቸው ልጆች እየተሾሙ በላዩ ላይ ሲረማመዱም አብሮ ሲያጨበጭብ ኖሯል።

ጦርነቱ በድል ተጠናቀቀ ተብሎ በሬዲዮ ከተለፈፈ ሰንብቷል። ያልሰማ ቢኖር እግር መሥሪያው ነው፤ ወረፋው ግቢውን ሞልቶ አጥሩን ይዞራል። እዚያ ውስጥ ጄሶ የሚያቦኩት፣ የጉማጁን ልክ የሚያወጡት እትዬ ናቸው። ገና ጢሙን ያላቀመቀመ ወታደር ሲገባ ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ።

«ይግቡ ጌታዬ። እዚህ አረፍ ይበሉ። ጄሶው ይቀዘቅዛል፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

ሚስማርን ደግሞ «ና እስቲ ያንን ባልዲ አቀብለኝ፣ ምን ይገተራል ይሄ!» ይሉታል።

አንድ ቀን ቅር ብሎት ተናገረ። «እትዬ፣ እነዚህን ውርጋጦች አንቱ እያሉ እኔን ሽበታሙን አንተ?»

«ሁለት እግርህ አለ አይደል፣ አንተ ምቀኛ! ምን አጥተህ ነው አንቱ የምልህ?»

ወረፋው በሙሉ በሳቅ አውካካ። ሚስማርም ሳቀ፤ የዚያን ቀን ግን የእውነቱን ነበር። መሥሪያ ቤት «አንተ!» ሲሉት ውሻ የሚያባርሩ ይመስላሉ። የእትዬ «አንተ» ከብርድ ቤት እንደ መግባት ነው።

እና አንቱ የተባሉት እሳቸው ናቸው።

ከመናኸሪያው ሲመለስ እትዬ ብቻቸውን ባልዲ ያጥባሉ። በሩን መለስ አደረገው።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ይቅርብዎት።»

የቱ ነገር አላሉትም። ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ከጄሶ በርሜሉ ኋላ እጃቸውን ሰደው አንድ የተሰበረ እግር አወጡ። እንደ ሕፃን በፎጣ ተጠቅልሏል።

«የልጄ ነው። ከዚያ ሁሉ እሳት ተርፎ መጣልኝ። እዚህ አስፋልት ሲሻገር ይሄ ከዳው። ሹፌሩ ምን ያድርግ? ወደቀበት።» ፎጣውን መልሰው ሸፈኑት። «ከመጣባት ቀን ጀምሮ የወለድኩትን አንቱ አልኩት። ‹እማዬ አሳበድሽኝ› እያለ ይስቅብኝ ነበር። ሌሎቹን እየላክሁ ነው፤ ባለባርኔጣው የእግሩን ግዢ በሚያጣራው ኮሚቴ ውስጥ ሐቀኛ ሰው ያውቃል። እግሩን በወርቅ ዋጋ ሸጦ ጭቃ ያስታቀፈን ማን እንደሆነ ይጠየቅልኝ። ይሄኛውን ግን እጄ መላክ እምቢ አለ።»

«ለእኔ ለምን ይነግሩኛል?»

«ለወንድሜ ያልነገርኩ ለማን ልንገር? ይልቅ ባልዲውን አንሳ።»

አነሳ።

በማግስቱ የሥራ ጋውኑን በመስኮቱ ላይ አላሰጣም። የተሰጣ ጋውን ለአለቃው «የምነግርህ አለኝ» ማለት ነው። እሱ ባያሰጣም አለቃው ራሱ አስጠራው።

አለቃው «ጋሼ» ነው የሚባለው፤ በዕድሜ የሚስማር ታናሽ ሲሆን። የሚገናኙት መኪና እጥበት ነው። ጋሼ መስታወቱን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ውኃው ጣራውን ይደበድባል፣ ውስጥ የሚወራውን ማንም አይሰማም።

«አገኘኸው?»

«ገና ነው ጌታዬ።»

«አትዋሸኝ። እኔ ጠላትህ አይደለሁም።» ጋሼ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላው ክፍል ደርሶበታል። ዛሬ ነገ ይይዙታል። እነሱን ታውቃቸዋለህ፤ ሰውዬውን ይሰብሩታል። ስሙን ለእኔ ከሰጠኸኝ ቀድሜ አሸሸዋለሁ። እግሮቹንም በእጄ ለኮሚቴው አደርሳለሁ። የእህቴ ልጅ እኮ በዚህ እግር ነው የሚሄደው!» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኔና አንተ ይቺን እውነት እናወጣታለን።»

እኔና አንተ።

በዚያ ሁሉ የአገልግሎት ዘመን ሚስማርን ከራሱ ጋር አጣምሮ የጠራ አለቃ አልነበረም። ሞኝ አይደለም፤ ተርቦ ነው።

«ሴት ናቸው» አለ። «ጄሶ የሚያቦኩት እትዬ።»

ውኃው ቆመ።

«ጄሶ አቡኪዋ?» ጋሼ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እሷን ነው አንቱ የሚሏት?»

እሷን።

ሚስማር የመኪናውን በር ከፍቶ ወረደ። ቃሉ ግን ከአፉ ወጥቷል።

ጠዋት ወረፋው እንደተሰለፈ አንድ የጭነት መኪና ግቢው ውስጥ ገባ። ሚስማር በሩ የተጨረመተውን መኪና ያውቀዋል። አዲስ እግር አምጥቶ የሚያራግፈው ይሄው መኪና ነው። ዛሬ ሊጭን መጥቷል። ሰዎቹ የተሰበሩትን እግሮች እንደ ማገዶ እየወረወሩ ጫኑ።

«የማን መኪና ነው?» አለው ሹፌሩን።

«የጋሼ ነዋ! ያመጣል፣ ሲሰበር ይለቅማል፣ ደግሞ አዲስ ይሸጣል። ንግድ ነው ወንድሜ።»

«የእህቱ ልጅ እኮ...»

«ጋሼ? እህት አለው እንዴ?»

ሚስማር ሮጠ።

ዘግይቷል። እትዬን ግራና ቀኝ ይዘው እያወጧቸው ነበር። እጃቸው እስከ ክርናቸው በጄሶ ነጭ ሆኗል። በረንዳው ላይ የተደረደሩት ጉዳተኞች አንድ በአንድ ተነሡ፤ እርስ በርስ ተደጋግፈው በአንድ እግራቸው ቆሙ። «ወዴት ነው የሚወስዷቸው?» አለ አንዱ።

ከያዟቸው አንዱ ሲያልፍ የሚስማርን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ጎበዝ፣ ሚስማር። ዋንጫው ያንተ ነው።»

እትዬ ሰሙ።

ሚስማር በሩ ላይ ተገትሮ መንገድ እንደዘጋ እንኳ አላወቀም። አተኩረው አዩት። ሊሰድቡት ይችሉ ነበር። ቢተፉበት ደስ ይለው ነበር።

«ያሳልፉኝ ጌታዬ» አሉት።

አሳለፋቸው።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ደወለ። «ሹመትህ ተፈርሟል። ነገ ሱፍ ለብሰህ ና።» ሚስማር «እሺ ጌታዬ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ከጄሶ በርሜሉ ኋላ እጁን ሰደደ። ፎጣው እዚያው ነው። እሱን አላገኙትም። በጆንያ ጠቅልሎ ታቀፈው።

ከግቢው ሲወጣ አንድ ቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ተነሥቶ ተከተለው።

ፍጥነቱን አልጨመረም። መናኸሪያው ሲደርስ ሊነሣ በሚንቀጠቀጥ አውቶቡስ የፊት በር ገባ። በተሳፋሪው መሐል ጎንበስ ብሎ አልፎ በኋላ በር ወረደ። አውቶቡሱ ቆዳ ጃኬቱን ይዞት ሄደ።

ባለባርኔጣው የዘወትር ቦታው ላይ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ወሬው ደርሶታል።

«ማን ነህ አንተ?»

«እሳቸው የላኩኝ ነኝ።» ጆንያውን ጉልበቱ ላይ አኖረለት። «የልጃቸው ነው። ሌላ የቀረ የለም። የእግሩ ሻጭ ጋሼ የሚባለው የስለላ አለቃ ነው፤ በራሱ መኪና ነው የሚያመጣው።»

«እሳቸውስ?»

ሚስማር ፊቱን ወደ አውቶቡሶቹ አዞረ። ባለባርኔጣው ጆንያውን ደረቱ ላይ አስጠጋው፤ ዓይኖቹ ቀሉ።

«ለኮሚቴው ሰው ዛሬውኑ አስረክባለሁ» አለ። «በዚህ ብቻ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም እንጂ።»

«እኔም አላውቅም» አለ ሚስማር፤ ከግፊያው ጋር ተቀላቀለ።

በትኬት መሸጫው መስኮት ሬዲዮ ይጮኻል። «ለጠላት ምሥጢር ሲያቀብል የነበረ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን እጅ ከፍንጅ ተይዟል...» ተይዟል አሉ። ጄሶ የምታቦካ እናት አሰርን ማለት አሳፍሯቸው ነዋ። ለእስራቸው እንኳ የሌላ ሰው ማዕረግ አለበሷቸው።

ትኬት ቆራጯ ሽበቱን አይታ በትሕትና ጎንበስ አለች።

«የት ልቁረጥልዎት አባቴ?»

«መጨረሻ ድረስ። ደግሞ አንተ በይኝ።»

«ምን አሉኝ?»

«አንተ በይኝ እህቴ። ሁለቱም እግሬ አለ።»

ቀልድ መሰላት። ከልቧ ሳቀችና ትኬቱን በመስኮቱ አሾለከችለት።

«ይግቡ አባቴ፣ ይግቡ! ሊሄድብዎት ነው!»