ነጭ ጅብ በበየዳ

«የበየዳ ጅቦች ሁሉ ነጭ ናቸው እንበል። የአጎቴን በግ የበላው የበየዳ ጅብ ነው። ቀለሙ ምንድን ነው?»

ካሳነሽ ለገበያ የምታወጣውን ነጭ ሽንኩርት መጎንጎኗን ሳታቆም ልጇን ቀና ብላ አየቻት።

«ነጭ ጅብ? ማን አባቱ አይቶ! ደሞ የትኛው ወንድሜ ነው በጉን ያስበላው?»

«እማዬ፣ ጥያቄ ብቻ እኮ ነው!»

«ጥያቄስ ቢሆን፣ በጉ ተበልቶ የለ?»

ይመኙሻል በእርሳሷ ኤክስ አደረገችበት። የመጨረሻው ጥያቄ ነበር። እናቷ ከሃያው ያገኘችው ሁለት ብቻ ነው፤ የይመኙሻል ልብ ግን በደስታ ዘለለ። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ውቤ ትምህርት ቤት መጥቶ፣ «አብዮቱ የሕዝቡን ጭንቅላት ማሳደጉን በቁጥር እናስመሰክራለን!» ብሎ ነበር። ተማሪና ወላጅ በአንድ ዓይነት ሃያ ጥያቄ ይፈተናሉ፤ ወላጁን በሰፊ ልዩነት የበለጠ ተማሪ ጎንደር ወርዶ ሲኒማ ያያል። ጓድ ውቤ ራሱ አልተፈተነም፤ የእሱ ጭንቅላት ከአብዮቱ በፊት ያደገ ነው ተብሎ ታለፈ።

ይመኙሻል አሥራ ስምንት አግኝታለች። ማን ይደርስባታል? ከዳባት ወዲያ አልፋ አታውቅም፤ አሁን ግን ራሷን ጎንደር በሚወርደው አውቶቡስ መስኮት ሥር ተቀምጣ አየች።

«ለመሆኑ ምኑ ነው ያቃተኝ?» አለች ካሳነሽ። «አንቺስ እንዴት አገኘሽው?»

«እውነት ነው ውሸት ነው አትዪም። የተባለውን ይዘሽ ብቻ ትሄጃለሽ። እኛን ቲቸር ሳምንት ሙሉ አለማምዶናል።»

«ውይ፣ ጨዋታው እንዲያ ነው እንዴ?» ጉንጉኑን ከጭኗ አወረደችው። «እንግዲያ ልሞክራ። ጓድ ውቤ በስብሰባው እንዳለው፣ ልጅ ሁሉ እናቱን ይበልጣል እንበል።»

«እሺ።»

«እኔ እናቴን እበልጣለሁ። አንቺ እኔን ትበልጫለሽ። ልጅሽ አንቺን፣ የእሷም ልጅ እሷን። እንዲህ እንዲህ ሲል ሄዶ አንዷ ትመጣና፣ አይተሽው በማታውቂው ጨዋታ ትፈትንሻለች።» ሳቋ መጣ። «ያን ቀን ስንት ታገኚ ይሆን፣ የኔ አዋቂ?»

ይመኙሻል ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። ይህን ቲቸርም አልጠየቃት። ከደጃፉ ባሻገር የስሜን ተራሮች አንዱ ካንዱ ጀርባ እየደበዘዙ ይታያሉ፤ ያልተወለዱት ልጆች ልክ እንደዚያ ተሰልፈው የሚያዩዋት መሰላት።

«ጨረስን?» አለች ካሳነሽ ጉንጉኗን እያነሣች።

ይመኙሻል የአውቶቡሱ መስኮት ለአፍታ ታያት። ከዚያ ላጲሷን አንሥታ ኤክሶቹን ማጥፋት ጀመረች።

«አልጨረስንም። ከመጨረሻው ወደ ላይ እንደገና እንሂድ። የበየዳ ጅቦች ሁሉ...»

«ነጭ!» አለች ካሳነሽ።