በጀርባው ግድግዳ የገቡት እንግዶች

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ጥላዋን አይታ ከምትደነግጥ፣ ጅብ በጮኸ ቁጥር ከምታማትብ ሴት ወገን አይደለሁም። ጃናሞራ ተወልጄ፣ ደባርቅ አድጌ፣ ከዳባት እስከ ድብ ባሕር ገበያ ለገበያ ገብስ ስሰበስብ ጎልምሻለሁ፣ በየመንገዱ እዚህ ዛፍ ሥር እንዲህ ያለ ነገር አለ፣ እዚያ ወንዝ ዳር የሚጣራ አለ ሲሉኝ፣ እዚያው ዛፍ ሥር ጆንያ አንጥፌ ምሳዬን የምበላ ነኝ። እመኑኝ፣ ይህ ነገር በራሴ ባይደርስ ኖሮ፣ ሌላ ሰው ሲያወራው ሰምታ የምትስቀው የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው አስፋልቱ ደባርቅ በደረሰ ሰሞን ነው። የቢራ ገብስ ፈላጊው በዛ፣ የጭነት መኪናው በዛ፣ እኔም እህሌን በየሰው ጓሮ እየተከራየሁ ማስቀመጥ ሰለቸኝና ከከተማው መውጫ፣ ወደ ሊማሊሞ በሚወርደው መንገድ ጥግ ቦታ በሊዝ አገኘሁ፣ መጋዘን ልሠራበት። የመጋዘን ፈቃድ ደግሞ እንደ መኖሪያ ቤት እንዳይመስላችሁ፣ የአፈሩ ጥንካሬ ይጠየቃል፣ መኪናው ገብቶ የሚዞርበት ግቢ ይለካል፣ ወለሉ ጎርፍ እንዳይደርስበት ከፍ ማለት አለበት፣ ከጣሪያው ሥር አየር የሚያስገባ ወፍ የማያስገባ ሽቦ የተወጠረበት መስኮት፣ ከጎረቤት አጥር የሚለይ ክፍተት፣ ስንቱን ልንገራችሁ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ ፊደል የቆጠርኩት ጆንያ ላይ ከታተመው ጽሑፍ ነው፣ ግን ያን ፕላን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መስመሩን ሲያስረዱኝ ወደድኩት፣ መጋዘኔ ገና ሳይሠራ ገብቼ የዞርኩበት ያህል ነው የተሰማኝ።

ከማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ጋር የተጋጨነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሙሉቀን ይባላል፣ ጨዋ ልጅ ነው። ፕላኑ ላይ ከዋናው በር ትይዩ፣ በጀርባው ግድግዳ ሌላ በር ተስሏል፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ ይሉታል። እኔ ደግሞ ግንበኛውን በሩን ተወውና ግድግዳውን ግጥም አድርገህ ሥራው አልኩት። ከጀርባው ምን አለ ብላችሁ ነው፣ ቦይ አለ፣ ከቦዩ ማዶ የኮሽም አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ፍየል እንኳ አስባ የምትወርደው ቁልቁለት። በዚያ የሚወጣ ሰው የለም፣ የሚገባ ሌባ ግን አይጠፋም።

ሙሉቀን መጥቶ ግድግዳውን ሲያይ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

“እትዬ ይታይሽ፣ እሳት ቢነሳ በየት ሊወጡ ነው?”

“በገባሁበት።”

“እሳቱ በገቡበት በኩል ቢሆንስ?”

“ገና እህሉ ሳይገባ ልታቃጥለኝ ነው እንዴ የመጣኸው?” አልኩት፣ ሳቀ፣ ግን አልፈረመም። በሩ ካልተከፈተ የመጠቀሚያ ፈቃድ የለም፣ ያለ ፈቃድ እህል ካስገባሁ ይታሸጋል፣ እሱ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት አንድ ጊዜ መጥቶ ካየ በኋላ ለሥልጠና ወደ ጎንደር ሊሄድ ነው፣ እስኪመለስም የሚፈርምልኝ ሌላ ሰው የለም።

ገብሱ ደግሞ ግቢው ውስጥ በሸራ ሥር ተከምሯል። ኅዳር ነው፣ ዝናብ የማይጠበቅበት ወር ነው፣ ዘንድሮ ግን ሰማዩ ወር የማያውቅ ሆኖ በየማታው ያካፋል። የቢራ ገብስ አንዴ ረጥቦ ከበቀለ የሚገዛው የለም፣ ለከብት ነው። እህሉም የእኔ ብቻ ቢሆን ይቅር ባልኩ፣ የጃናሞራ ገበሬዎች ‘የእኛው ልጅ ናት’ ብለው በቃሌ ብቻ የጫኑልኝ የዓመት ልፋታቸው ነው። ያም ሆኖ ልቤ አልተሸበረም፣ ጠዋት ሙሉቀንን ወደ ጀርባ ወስጄ ቁልቁለቱን አሳየዋለሁ፣ በዚህ ማን ይወጣል እለዋለሁ፣ ያምነኛል ብዬ ነበር።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ ለማየት መጋዘኑ ውስጥ ገባሁ። ዘበኛዬ አያ ውብነህ ጋቢያቸውን ሊያመጡ ቤታቸው ደርሰው ነበር። ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ሽቅብ እየተጎተተ መጥቶ ግቢውን ሸፍኖታል፣ መብራት ገና አልገባልኝም፣ እጄ ላይ ያለችው ትንሽ የእጅ ባትሪ ናት። ባዶ መጋዘን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሳል ብትሉ መልሶ ይስልባችኋል።

መጀመሪያ የሰማሁት ቃጭል ነው፣ ከጀርባው ግድግዳ ወዲያ፣ ቀስ እያለ፣ ደክሞት የሚሄድ እንስሳ አንገት ላይ እንዳለ ሁሉ። የጎረቤት በቅሎ አምልጣ ይሆናል አልኩና የባትሪዬን ብርሃን ጣሪያው ላይ አደረግሁ። ቀጥሎ ኮቴ መጣ፣ የአንድ አይደለም፣ የብዙ፣ ድንጋይ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል፣ እኔ ደግሞ በልቤ ‘ከጀርባ እኮ ጭቃ ነው፣ ድንጋዩ ከየት መጣ?’ እላለሁ። ከዚያ ኮቴው ልክ በሩ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፣ በብሎኬት ላይ እንደሚያንኳኳ ሰው አይደለም፣ ስሙኝ፣ ሳንቃ ላይ እንደሚያንኳኳ ሰው ነው።

“እናንተ ቤቶች፣ የመሸብን እንግዶች ነን” አለ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ጨዋ፣ የደከመ፣ እንደ ድሮ ሽማግሌዎች ረጋ ብሎ የሚናገር።

አሁን እናንተ ከተማ ያደጋችሁ ልትስቁብኝ ትችላላችሁ፣ እኔ ያደግሁበት አገር ግን ይህ ቃል ሲጠራ አፍ ከልብ ቀድሞ ነው የሚመልሰው። አባቴ ቤት ስንት ማታ ሰምቼዋለሁ፣ የእንግዳ ማንነት አይጠየቅም፣ ከየትና ወዴት የሚባለው እግሩ ከታጠበ በኋላ ነው፣ ሲነጋ ደግሞ እንግዳው እግዜር ይስጥልን ብሎ፣ ቤቱን መርቆ ነው የሚወጣው፣ ሳይሰናበት የሚወጣ እንግዳ የለም። እና እኔም ምኑንም ሳላስብ፣ እዚያው ግድግዳ ላይ አፍጥጬ፣

“ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ” አልኳቸው።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ በር የለም።

ድምፁም ቃጭሉም ጠፋ። እፎይ ልል ስል ነው ከኋላዬ፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ ሸክም መሬት ላይ ሲቀመጥ የሰማሁት፣ ዷ፣ ደግሞ ዷ፣ ጠፍር ሲፈታ የሚሰማው ሲጥሲጥታ፣ አንድ ሰው ወገቡን ይዞ ‘እፎይ’ የሚልበት ትንፋሽ። የባትሪዬን ብርሃን አዞርኩ፣ የሊሾው ወለል ባዶ ነው፣ ገና አዲስ፣ የሰው ዱካ የሌለበት። ግን ላብ የጠጣ ኮርቻ ይሸታል፣ በብርሃኑም መሐል እንደ እንስሳ ትንፋሽ ያለ እንፋሎት በየተራ ይወጣና ይጠፋል። ጉም ነው ልትሉኝ ነው፣ እኔም ብዬው ነበር፣ ጉም ግን በተራ አይተነፍስም።

ልሸሽ እችል ነበር፣ ግን አፍሬ ቀረሁ፣ እውነቴን ነው፣ ግቡ ብሎ ጠርቶ መሸሽ ነውር ነው። ነጠላዬን አስተካክዬ “ደህና እደሩ” አልኩና በእርጋታ ወደ ዋናው በር ሄድኩ። አያ ውብነህ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጉሙ ውስጥ ወጥተው ደጁ ላይ ደረሱ። እኔ ገና አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ወደ ውስጥ አየት አደረጉና፣

“እንግዶቹ እሳት አይሻሉም?” አሉኝ።

“የትኞቹ እንግዶች፣ አያ?”

ደግመው አዩ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ዕድሜ ነው ሰው የሞላ መሰለኝ አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ በአባታቸው ዘመን ጨው የጫኑ ነጋዴዎች ሊማሊሞን ወጥተው የሚያድሩት በዚህ በኩል ነበር ይባላል፣ ወሬ ነው እንጂ እኔ አላየሁም አሉኝና፣ ያን ማታ ከግቢው በር አጠገብ ከምትገኘው የዘበኛ ቤት ሳይወጡ አደሩ።

ጠዋት ሙሉቀን ለክርክር ተዘጋጅቶ መጣ፣ ፊቱን አይቼ አወቅሁት። ግንበኛውን ቀድሜ ጠርቼው መሮና መዶሻውን ይዞ ቆሟል። “በሩን እየከፈትኩልህ ነው” ስለው አላመነኝም፣ ምን አስለወጠዎት አለኝ፣ እሳት ፈራሁ አልኩት፣ ሌላ ምን ልበለው? ግንበኛው መምታት ሲጀምር ከወር በላይ የሆነው ግድግዳ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ፣ የበር ያህል ስፋት፣ ልስኑ እርጥብ ሆኖ ተገኘ፣ ሌላው አጥንት ሆኗል። ጣቱን ነክሮ ቀመሰና ተፋ።

“ጨው አለው” አለ።

ሙሉቀንም ቀመሰ፣ አሸዋው ነው፣ ጨው ያለበት አሸዋ ብረት ያበላሻል፣ ከየት አመጣችሁት አለ። አሸዋው የመጣው ከአንድ ወንዝ ነው፣ ለሁሉም ግድግዳ አንድ ዓይነት ነው። ሌላውን ግድግዳ ሁሉ እየዞረ በምላሱ ሞከረ፣ መሐንዲስ ግድግዳ ሲልስ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፣ ምንም የለውም። ትከሻውን ነቀነቀ። ከሰዓት በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት ሆኖ ተገጠመ፣ ሙሉቀንም ጉዞውን አዘግይቶ ፈረመልኝ፣ አመሻሹን ገብሱ በሙሉ ገባ፣ ዝናቡም ሸራው እስኪነሳ እየጠበቀ እንደነበረ ሁሉ ወረደ። አንዲት ፍሬ አልበቀለችም፣ ገበሬዎቼም ዋጋቸውን ሊቀበሉ መጥተው ፊታቸው እንደበራ ወደ ጃናሞራ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ስንት መከር ገብቶ ወጥቷል። ከጀርባው በር እስከ ዋናው በር ድረስ ያለውን ወለል አንድ ጆንያ አላስቀምጥበትም፣ መከሩ ሞልቶ ቢተርፍ እንኳ ሌላ ቦታ እከራያለሁ። ቁጥጥር የሚመጡት ሁሉ ያመሰግኑኛል፣ መተላለፊያ ክፍት ይሁን ይላል ደንቡ፣ እንደ እርስዎ የሚያከብረው የለም ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ እቀበላለሁ፣ ምን ልላቸው ነው?

ግን ጠዋት ጠዋት ዋናውን በር ስከፍት፣ ወደ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ጥቂት ቆሜ እሰማለሁ። የገቡ ዕለት ሰምቻቸዋለሁ። እስከ ዛሬ ግን እግዜር ይስጥልን ብሎ የተሰናበተኝ የለም።