የመምህሩ ነጭ ብርጭቆ

መምህር ሀብተሥላሴ የሞቱት ፊልሙ ሳያልቅ ነው። የነሐሴ ዝናብ የቀራንዮን ቀበሌ አዳራሽ ቆርቆሮ ሲደበድብ ሲያቃስቱ ማንም አልሰማቸውም። መብራት ሲበራ ባዶ ብርጭቆ በእጃቸው እንደያዙ ከፊት ወንበር ላይ ተደፍተው ተገኙ። በየእሁዱ ከፊልሙ በኋላ ተነስተው፣ ያዩት ድራማ ስለ እኛ ኑሮ ምን እንደሚል የሚያስረዱት እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን ሂስ የሚያቀርብ ጠፋ።

መርማሪው መቶ አለቃ በዛብህ ካፖርቱን ሳያወልቅ የቀበሌው ሊቀመንበር ደመቀ ቀድሞ ፈረደ።

«ነገሩ ያለቀ ነው። ወተቱን ያቀረበችው የክበቡ ሻይ አፍይ ጉዲቱ ናት። የአይጥ መርዝ ከመጋዘናችን ማንም ያገኛል። ሲመሽ ወደ ከፍተኛው እንልካታለን።»

በዚያ ዘመን ሲመሽ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት የተላከ ልጅ ስንቅ ሲወሰድለት «ከእንግዲህ አታምጡ» ይባል ነበር። ለማንም ልጅ አይድረስ። የጉዲቱ አያት ደሜ ይህን ስለምታውቅ በሩ ላይ ዝናቡ እየወረደባት ቆማለች።

«ጌታዬ፣ እሷ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ዓይኗን ትጨፍናለች!»

በዛብህ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አዞረው። ግርጌው ላይ ነጭ አተላ ተጋግሯል፤ በመሃሉ የገለባ ስባሪ የመሰለ ነገር አለ። በጥፍሩ ነካ አደረገው።

መጀመሪያ የጠየቀው ፊልም አጫዋቹን ቱሉን ነው።

«ምን ነበር የምታሳየው?»

«የውጭ ድራማ ነው። አንዲት እናት የታሰረ ልጇን ለማስፈታት የጎረቤቷን ልጅ ስም ትሰጣለች። ያኛው ሲገደል ለቅሶ ቤት ሄዳ ከወላጅ እናቱ በላይ ትጮኻለች።»

«መምህሩ ምን ሊሉበት ነበር?»

«ዓርብ ዕለት ለእሳቸው፣ ለጓድ ደመቀና ለወይዘሮ ገበያነሽ አስቀድሜ አሳይቼ ነበር። ጓድ ደመቀ ‹የቡርዣው ኅብረተሰብ ብስባሽነት ነው› አለ። መምህሩ ሳቁበት። ‹አንተ ፊልምን የሰው ቤት መስኮት ታደርገዋለህ። መስኮት ሲጨልም እኮ መስታወት ነው። እሁድ ይህችን ሴት በስሟ እጠራታለሁ› አሉ።»

«ደመቀስ?»

«‹ተዋናይዋን ያውቋታል እንዴ?› አላቸዋ!»

«ዛሬ ሲጠጡ አይተሃል?»

«ወተቱን? አዎ። ‹ፍልሰታ ለቄስ ነው› እያሉ በጾሙ ፊታችን ይጠጡት ነበር።»

ቀጥሎ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ፣ የመምህሩ የግድግዳ ጎረቤት ወይዘሮ ገበያነሽ መጡ። ዓይናቸው አባብጧል።

«ያን ልጁን በቀይ ሽብር የገደሉበት ጊዜ አብሬው ያላለቀስኩት ለቅሶ አለ? አሁን ደግሞ እሱ!»

«ወጥ ቤት ገብተው ነበር?»

«እግሬንም አላነሳሁ። ከአጠገቡ ነበርኩ። ያንን ሱፍ ጨልጦ ጥቂት እንደቆየ ሆዱን ያዘ። ያቺ ልጅ እጇ ይቆረጥ!»

በዛብህ አመስግኖ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ጉዲቱ እጇን ታስራ ማዕዘን ላይ ተቀምጣለች።

«ምን አቀረብሽላቸው?»

«ወተት።»

«ከማን ላም?»

ዓይኗ ወደ ሙቀጫው ሄደ። እሱ ከሙቀጫው አጠገብ የተጨመቀ ጨርቅ አንስቶ አሸተተና፣ «ይህች ላም በሙቀጫ ነው የምትታለበው?» አላት።

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አልናገርም። በአያቴ አስምለውኛል።»

«እሳቸው ሞተዋል። አያትሽ ግን ዝናብ ላይ ቆማለች።»

«ሱፍ ነው...» አለች። «በስውር ይጾሙ ነበር። ቢታወቅ ከሥራቸው ይባረሩ ነበር። ሱፍ ሲጨመቅ ወተት ስለሚመስል እዚህ እወቅጥላቸዋለሁ። ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። የተረፈውን እኔው ጠጣሁት፤ ይኸው አለሁ።»

«የሳቸውን ቀድተሽ ወጥተሽ ነበር?»

«ወንበር ጎድሎ ነበርና ላቀብል ወጣሁ።»

ሊመሽ ሲል በዛብህ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። ፊልም የሚታይበት ነጭ አቡጀዲ ከጀርባው ተንጠልጥሏል።

«የተረፈውን የጠጣችው ልጅ ደህና ናት። ስለዚህ መርዙ የተጨመረው ብርጭቆው ላይ፣ እሷ ወንበር ልታቀብል ስትወጣ ነው። አሁን ቃላችሁን ላስታውሳችሁ። ደመቀ ወተት አለ። ቱሉ ወተት አለ። ጉዲቱ እንኳ አንገቷ ላይ ገመድ እያለ ወተት አለች። ሱፍ ያሉት አንድ ሰው ናቸው። ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ወጥ ቤት ገብቶ ሙቀጫውንና ጨርቁን ማየት ያስፈልጋል። እኚህ ሰው ግን እግሬን አላነሳሁም ብለዋል።»

ወይዘሮ ገበያነሽ ብድግ አሉ። «ጎረቤቱ አይደለሁ? መጾሙን ድሮም አውቃለሁ!»

«ውሸት!» አለች ጉዲቱ። «ቤታቸው ያላስወቀጡኝ እኮ የሙቀጫው ድምፅ ለእርስዎ እንዳይሰማ ነው!»



«ዓርብ ዕለት» አለ በዛብህ ረጋ ብሎ፣ «ደመቀ የተዋናይ ስም መሰለው። እርስዎ ግን የማን ስም እንደሚጠራ ገባዎት። የመምህሩን ልጅ ስም የሰጡት እርስዎ ነዎት።»

«ልጄን ሊገድሉብኝ ነበር!» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ ደረታቸውን እየደቁ። «አንድ ልጄን! እናት ምን ታድርግ?»

«የእኔስ?» አለች ደሜ ከበሩ።



ሴትዮዋ ሲወሰዱ ደመቀ በዛብህን ጥግ አስያዘው። «መዝገቡ ላይ ወተት ቢባል ምናለ? የውይይት መሪያችን ጾመኛ ነበር ማለት...»

«ወተት ካልን ገዳይዋን የምንይዝበት ቃል የለም። ያኔ ተጠያቂ ሆና የምትቀረው ይህች ልጅ ናት።»

ደመቀ መሬት መሬቱን አየ። «እንግዲያው ቀበሌው ቀብሩ ላይ አይገኝም።»

አልተገኘም። በማግስቱ ቄሶቹ አስከሬኑን ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ሸኙት፤ ከዚያ ሁሉ ፊልም ተመልካች ግን የተከተለው ቱሉ ብቻ ነው። ከቅጥሩ ውጭ የወይዘሮ ገበያነሽ ልጅ ዝናብ ላይ ቆሟል፤ የሁለት ሰው ነፍስ የተከፈለበት ልጅ። ግባ ያለው የለም። ደሜ ከውስጥ አየችው፤ የጉዲቱን እጅ ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

ከዚያ ወዲህ ደሜ ለቅሶ ቤት ስትገባ፣ ከሁሉ በላይ የምትጮኸዋን ሴት ፊት ሳታይ አትቀመጥም።