የነዒማ ፍላሽ

ኮምፒውተሩ እሑድ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ሬሳው ሳሎን ጥግ፣ የዳንቴል ልብሱን እንደለበሰ ተቀምጧል፤ ጥቁር መስኮቱ ላይ አንድ የሲስተም ፋይል መጥፋቱን የሚናገር ነጭ መስመር ብቻ ይነበባል። እድላዊት አሥር ጊዜ አጥፍታ አበራችው፤ አሥር ጊዜም ያንኑ መለሰላት። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው እዚያው ውስጥ ነበር።

ቀጥሎ ያደረገችው ግን ከኮምፒውተሩ ሞት ይብሳል። ጎረቤቷ ነዒማ ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ፍላሿን ሰክታ የራሷን ጽሑፍ ስትሠራ አርፍዳ ነበርና፣ እድላዊት እስከ ነዒማ በር ድረስ ሄደች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በቫይረስሽ ገደልሽኝ! ሁለተኛ እግርሽ ቤታችንን እንዳይረግጥ!» ብላ ጮኸችባት። ነዒማ «ወላሂ ምንም አላደረግሁም» ከማለት ውጪ አልመለሰችም። እድላዊት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፊቷ በሐፍረት ይነድ ነበር፤ የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም።

ሰኞ ከሰዓት ዳሲቱ መጣች። ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒውተር የምትጠግን፣ አርባን ያለፈች ሴት ናት። ማሽኑን ከመንካቷ በፊት ሰውን ስለምትጠይቅ ሰፈሩ «መርማሪዋ» ይላታል።

«የት ነው የተገዛው?»

«አባዬ ጡረታ ሲወጣ ከፋብሪካው ጨረታ ነው ያመጣው» አለች እድላዊት። «አርብ ዕለትማ ቦታ ሞልቷል እያለ አላሠራ ብሎኝ ስነጫነጭ ነው ያመሸሁት።»

«ማን ሰማሽ?»

«ሁሉም፤ እራት ላይ ነበርን።»

«ቅዳሜ ከምሳ በኋላስ የት ነበራችሁ?»

«እኔ ሳሪስ፣ ጓደኛዬ ጋ።»

እናቷ ወይዘሮ የሺሐረግ ፈጠን ብለው «እኔ ለቅሶ ቤት ነበርኩ» አሉ። «ኮምፒውተሩን እንደሁ ከመወልወል በቀር ነክቼው አላውቅም።»

አባቷ ጋሽ አደሴ ቀና ሳይሉ «እኔ ተኝቼ ነበር፤ ምንም አልነካሁም» አሉ። ነክተው እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ዳሲቱ ኮምፒውተሩን በራሷ ፍላሽ አስነሥታ ለረጅም ጊዜ መረመረች። ከዚያ ውኃ ልቅዳ ብላ ማድ ቤት ገባችና መደርደሪያው ፊት ቆመች። የጨው ጣሳ፣ የሻማ ካርቶን፣ የሚስማር ቆርቆሮ፣ ሁሉም ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን።

«ይኼን ማን ነው የሚጽፈው?»

ወይዘሮ የሺሐረግ ሳቁ። «እሱ ነዋ! ሠላሳ ዓመት የመለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ነበር። ዓመት ያልነካሁትን ዕቃ ሁሉ መዝግቦ ያስወግድብኛል።»

«ነዒማን ጥሩልኝ» አለች ዳሲቱ።

እድላዊት ለመሄድ አፈረች፤ እናቷ ሄደው አመጧት። ነዒማ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ፍላሿን ሳትጠየቅ ሰጠች። ዳሲቱ በራሷ ላፕቶፕ ፈተሸችው።

«ንጹሕ ነው» አለች። «ባይሆንም ኖሮ ቫይረስ ሲያጠፋ ዕድሜ አይመርጥም። እዚህ የጠፉት ፋይሎች ግን ከሁሉም ያረጀ ቀን ያላቸው ብቻ ናቸው፣ ያውም በተርታ። የኮምፒውተሩ የቆሻሻ ቅርጫትም ባዶ ሆኗል፤ ቫይረስ ቤት ሲጠርግ አይቼ አላውቅም። የጠፉበት ሰዓት ቅዳሜ ዘጠኝ ተኩል ይላል፤ ነዒማስ ስንት ሰዓት ወጣች?»

«አምስት ተኩል» አለች እድላዊት።

«እንግዲህ ሥራው የሰው እጅ ነው፤ ያውም ጥንቁቅ እጅ። አሮጌውን ቆጥሮ ማስወገድ የለመደ። ጋሽ አደሴ፣ ዝርዝሩን ያምጡልኝ። እርስዎ ሳይመዘግቡ አያስወግዱም።»

ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በካርቦን የተገለበጠ ነው፤ ከላይ «ለብዙ ዓመት ያልተንቀሳቀሱ፣ ይወገዱ» ይላል፤ ሥሩ የአሥራ አራት ፋይል ስም፣ ፊደል በፊደል ተገልብጧል።

«ልጄ ቦታ ጠቧት ነበር» አሉ። «እነዚህን ማንም የሚጠይቃቸው አልመሰለኝም።»

«ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ይጠይቃቸዋል፣ ጋሼ። ቀናቸው ግን አይለወጥም። የመጋዘኑ ቁልፍ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ቢኖር፣ አልተንቀሳቀሰም ተብሎ ይጣላል?»

ዝርዝሩን እያየች የጎደሉትን አንድ በአንድ ከራሷ ሲዲ መለሰች። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ የእድላዊት ጽሑፍም ምንም አልሆነም።

ጋሽ አደሴ ነዒማ ፊት ቆሙ። «እሑድ ስትሰደቢ መስኮቱ ሥር ነበርኩ። የሠራሁትን አውቄያለሁ፤ አፍሬ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።» እንባቸው ወረደ።

ነዒማ ተነሥታ እጃቸውን ያዘች። «ጋሼ፣ እርስዎ ኮምፒውተሩን ነው ያላወቁት» አለች። ከዚያ ወደ እድላዊት ዞረች። «አንቺ ግን እኔን ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን!»

ፍላሿን አንሥታ ወጣች። ማንም ሊያስቆማት አልደፈረም። እድላዊት ጽሑፏ ሙሉ መሆኑን ለማየት የመጀመሪያውን ገጽ ከፈተች። ገጹ ምስጋና ይላል፤ ከወር በፊት በገዛ እጇ ስትጽፈው ያስቀደመችው የነዒማን ስም ነበር።