የዲኖ ቀይ ክር

መምህር ገብረወልድ ጎባ ባለው ቤታቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው በወፍጮ መጅ ተመትቷል፤ ቀኝ አንጓቸው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ተማሪያቸውን ዲኖን ሊያሰቅለው የደረሰው ይኸው ክር ነው።

መምህር ኤስፔራንቶ የሚባለውን፣ የማንም አገር ያልሆነ ቋንቋ ለሦስት ሰው ያስተምሩ ነበር። ተደራጊውን ከአድራጊው ሲያስለዩ፣ ተማሪው ተደራጊው ላይ እንዲያስረው አንድ ቀይ ክር ይሰጣሉ። «መምህሩ ውሃን ይጠጣል» ከተባለ ክሩ የሚታሰረው ብርጭቆው ላይ ነው፤ በዚያ ቋንቋም «አክቮ» የነበረው ውሃ «አክቮን» ይሆናል። ጨርቅ ነጋዴው ዲኖ ግን ሁልጊዜ አድራጊው ላይ፣ መምህሩ አንጓ ላይ ያስር ነበር። አፉን የፈታበት ኦሮምኛ ምልክቱን የሚለጥፈው አድራጊው ላይ ነውና ምን ያድርግ! የትምህርት ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር። አሁንም ከተማው «ሲስቁበት ተናዶ መምህሩን ገደላቸው» ብሎ ፈርዶ ጨርሷል።

ከሮቤ የተጠራው ሻምበል ሠርከአዲስ ነጭናጫ ሰው ነው፤ የሰው ፍርድ አይዋጥለትም። አስከሬኑ ላይ አጎነበሰ።

«ክሩን ማን ነካው?»

«ማንም» አለች ሁለተኛዋ ተማሪ እኅተማርያም። የክሊኒክ ቁስል አጣቢ ናት፤ ጠዋት ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነች።

ደሙ እስከ መዳፍ ወርዶ ደርቋል። ክሩ የታሰረው በደረቀው ደም ላይ ነው፤ አንዲት የደም ነጥብ እንኳ የለበትም።

«በንዴት የገደለ ሰው ደም እስኪደርቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?» አለ ሻምበሉ ለራሱ።

ሦስተኛው ተማሪ አቶ አበበ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። በቀይ ሲባጎ የታሰረ የወረቀት እሽጉን ብብቱ ውስጥ እንደያዘ መጣ።

«ትናንት ትምህርት ነበሩ?»

«ገሰራ ከተማ ሄጄ ነበር፤ የገባሁት ማታ ነው። ግን ምን ያጠያይቃል? እንዲህ የሚያስር ከዲኖ በቀር የለም።»

እኅተማርያም ወደ ሻምበሉ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አቶ አበበ የዲኖን አባት መሬት የኔ ነው ብሎ ከሷል። መምህር ለዲኖ አባት ሊመሰክሩ ነበር።»

ዲኖ በታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ እናቱ ሃጂራ ተቀምጣ «ያ ረቢ፣ አንድ ልጄን» ትላለች። ሻምበሉ ዓይኗን ማየት ከበደው። ውስጥ ገብቶ ከዲኖ ኪስ የተገኘውን ቀይ ክር አነሳ።

«ይህስ?»

«ትናንት ገባኝ፣ ሻምበል። መምህር ‹ዲኖን ጠራሁት ስል ን የምትባለው ፊደል ማን ላይ ሆነች?› አሉኝ። እኔ ላይ፣ አልኳቸው። አማርኛ ስናገር ሳላስበው በማደርገው ነው ለካ የምቸገረው! ግንባሬን ሳሙኝና ‹ክሩ ለማስታወሻ ያንተ ይሁን› አሉኝ።»

ሻምበሉ ክሩን በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። የሱፍ ክር ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መምህሩ ቤት ሰበሰባቸው። ሃጂራም መጣች። አስከሬኑ አልጋ ላይ ጋቢ ለብሶ ተጋድሟል።

«ክሩ የታሰረው ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው» ብሎ ጀመረ። «ስለዚህ ዲኖ ይጠረጠር ተብሎ የታሰረ ነው። ትናንት ግን ዲኖ ስህተቱን ትቷል። እኅተማርያም?»

«ትቷል። ክሩንም ሲሰጡት አይቻለሁ።»

«ይህን የማያውቅ ትናንት የቀረ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ማታ መጥቶ ገደለ፤ ደሙ እስኪደርቅ የክፍሉን ክር ቢፈልግ አጣ፤ ዲኖ ኪስ ውስጥ ነዋ! ስለዚህ የራሱን ቆረጠ።» ከአንጓው የተፈታውን አሳየ። «ሱፍ አይደለም፣ የጥጥ ሲባጎ ነው። አቶ አበበ፣ እሽግዎን ያምጡ።»

«ቀይ ሲባጎ ከተማው ሙሉ አለ» አለ አበበ፣ እሽጉን እያቀበለው።

«አለ። ተቆርጦለት እንዲህ አጥሮ ቋጠሮው በግድ የደረሰ ግን የእርስዎ እሽግ ሲባጎ ብቻ ነው።» የተቆረጡትን ጫፎች ገጠማቸው፤ ልክ ሆኑ። ፖሊሶቹ አበበን ይዘው ወጡ፤ ሃጂራ ልጇን አንገቱን አቅፋ አልለቅ አለች።

ዲኖ ከእቅፏ ወጥቶ አልጋው ጋ ሄደ። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ የሱፉን ክር እዚያው ቀኝ አንጓ ላይ አሰረ።

«እንደገና ተሳሳትክ እንዴ?» አለው ሻምበሉ፣ ቀስ ብሎ።

«አልተሳሳትኩም» አለ ዲኖ እንባው እየወረደ። «አበበ መምህርን ገደለ። ክሩ እሳቸው ላይ ነው።»